የእማዬ የማክሻ ክኒን

በደርግ ጊዜ፣ ኮተቤ መንገድ ላይ ስንኖር፣ እናቴን የሐሞት ጠጠር ያማት ነበር። አባቴ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ስለሄደ ቤት ውስጥ የነበርነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ቦሌ ያዩዋት ሐኪም ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ነገሯት።

"በዚህ ክብደትዎ ግን ማደንዘዣውን እፈራለሁ። መጀመሪያ ይቀንሱ" አሉና የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ክኒን አዘዙላት።

ክኒኑ ሠራ። ምግብ ወዳዷ እናቴ እንጀራ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞር ጀመር። ቀሚሷ ሰፋት። አፏ ይደርቃል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የታጠበ ዕቃ ደግማ ታጥባለች። ጎረቤቶች መክሳቷን አይተው "ማን ታሰረባችሁ?" እያሉ በሹክሹክታ ይጠይቁኝ ነበር። ማንም አልታሰረብንም ብል የሚያምነኝ ጠፋ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ፍርሃቷ ነው። ያኔ ያልፈራ ሰው አልነበረም፤ የእሷ ግን ባሰ። በር ሲንኳኳ ደረቷን ትይዛለች። ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ካወሩ ስለ እኛ ያወሩ ይመስላታል።

አንድ ቀን ከሾላ ገበያ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው አተኩሮ አያት። እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ውረጂ" አለችኝ።

"እማዬ፣ ገና አልደረስንም እኮ!"

"ውረጂ አልኩሽ!"

ወረድን። ሰውየውም ወረደ። ጥቂት እንደሄድን ጉልበቷ ከዳትና የአጥር ጥግ ተቀመጠች። ላብ አጥምቋታል። ሰውየው ደረሰብን። 

"እናቴ፣ ፊትዎ ሲገረጣ አይቼ ነው የወረድኩት። ሐኪም ቤት ላድርስዎት?"

"ደህና ነኝ። ሂድልኝ" አለችው፤ ድምጿ አይሰማም።

ሄደ። እሷ ግን አላመነችውም፤ ቤታችንን እንዳያውቅ ብላ በሌላ መንገድ ዞረን ገባን።

በማግስቱ ለምኜ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። የልብ ምቷን አዳመጡ፤ ቆይተው እንደገና አዳመጡ።

"ክኒኑ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም" አሉ። "ክብደትዎን በምግብና በእግር ጉዞ ቀስ ብለን እናወርደዋለን።"

"ፍርሃቱም ይተወኛል፣ ዶክተር?"

ሐኪሙ ወደ በሩ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የክኒኑ ይተውዎታል" አሉ።

እንዳሉት ልቧ ተረጋጋ። ከሾርባ ጀምራ ምግብ ለመደች፤ ክብደቷም ትንሽ በትንሽ ወረደ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ በማውቀው ጸሎት ሁሉ ስለምን ነበር።

ስትነቃ እጇን ያዝኩ። ዓይኗን ሙሉ በሙሉ ሳትከፍት፣ ስለ ሕመሟ ምንም ሳትል፣

"ውጭ ማን አለ?" አለችኝ።

"ማንም የለም፣ እማዬ" አልኳት። ተነስቼ ግን ኮሪደሩን አየሁ።