የአባወራው ተራ

ወልድያ የጥርስ ሐኪም ነኝ። አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም፤ ሰዓቴን ሳላይ አምስት ደቂቃ አልቆይም። ባለፈው ክረምት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሀብሩ ገጠር እየወረድን በነፃ ጥርስ ስናክም ይኸው ጠባዬ አልለቀቀኝም።

አንድ ቅዳሜ ከመርሳ ወጣ ባለ መንደር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢያቸውን ለቀቁልን። ወንበር ያወጣሉ፣ ውሃ ያቀርባሉ፣ ሰዉን በተራ ያስገባሉ። ብዙ አይናገሩም፤ በእጃቸው ነው የሚያዙት። አገጫቸውንና አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለዋል። ለብርድ መስሎኝ አለፍኩት። ሐኪም ነኝ ባዩ እኔ።

ሾፌራችን ወንዙ ሳይሞላ እንሻገር እያለ ይነዘንዘኛል፣ እኔ ደግሞ ታካሚውን ቶሎ በሉ እያልኩ አዋክባለሁ። አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ሴት ሸኝቼ ዕቃ መሰብሰብ ስጀምር ሽማግሌው መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ፎጣውን ፈቱ።

እብጠቱ ከመንጋጋቸው አልፎ አንገታቸው ላይ ወርዷል። አፋቸው አንድ ጣት እንኳ በቅጡ አያስገባም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባቴ?»

«ሦስት ቀኔ። ምራቅ መዋጥ ያቃተኝ ግን ከትናንት ወዲህ ነው።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው በቤቴ ቆሞ እኔ ልቅደም?»

ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በራሴ። እንዲህ ያለ እብጠት ጉሮሮ ይዘጋል፣ ሰው ይገድላል። እዚያ ግቢ ውስጥ የሚነካ አይደለም።

«አሁኑኑ ወልድያ ሆስፒታል እንሂድ፤ ይነሱ፣ መኪናው ቆሟል» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ እሄዳለሁ። እንግዳዬን ጦሙን ሰድጄ ግን ወላሂ አልነሳም።»

ለመንኳቸው። ቆጣም አልኩ። ልጃቸውም ለመነቻቸው። ወይ ፍንክች። የማሽላ እንጀራ በእርጎ ቀረበ። ክርክሩ ጊዜ ከሚበላብን ብዬ ባልደረቦቼን ጠቀስኳቸውና ተቀመጥን።

ቀኑን ሙሉ ለራሴ ስቸኩል ውዬ አሁን ለእሳቸው እየቸኮልኩ ሳላኝክ እውጣለሁ። ፈርቼ ነበር። እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ መዋጥ ያቃታቸውን ምራቅ በፎጣቸው እየጠረጉ፣ በተያዘ መንጋጋቸው «ቀስ ብላችሁ ብሉ እንጂ፣ ምን ያስቸኩላችኋል?» ይሉናል። ትሪው ጎደል ሲል ልጃቸውን በእጃቸው ጨምሪ ይሏታል።

በኋላ ሆስፒታል ተኝተው ድነዋል። ያን ዕለት ግን ይህን አላውቅም፤ ትሪው ባዶ እስኪሆን ዓይኔን ከጉሮሯቸው ላይ አላነሳሁም።