ምጥ ይዟት ሞተሬን የገፋችው ዘይነባ

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው... አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ውርጌሳ ከተማ ውስጥ፣ የጎረቤቴ የዘይነባ እናት እትዬ ሐዋ እየሮጡ መጡ።

«ልጄ፣ ዘይነባን ምጥ ይዟታል። በሞተርህ ድረስልን!»

ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። መኪና የሚባል የለም። ባሏ አዲስ አበባ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። አዋላጅ ያለችው መርሳ ከተማ ነው።

«አብሽሩ እትዬ ሐዋ፣ ይቺ ሞተር አሳፍራኝ አታውቅም!» አልኩ። ዘይነባን መሀል፣ እናቷን ከኋላ አድርጌ ወጣን።

መንገድ ላይ... ሞተሯ ጭጭ አለች። በንዴት ስረግጣት ማስነሻ መርገጫዋ ተሰብሮ እግሬ ስር ወደቀ።

ወርጄ ሳይ፣ ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው የግራውንድ ሽቦ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። መብራቷ ሲደክም ሰንብቶ ነበር፤ እኔ ግን ነጋ ጠባ የነዳጅ ታንከሯን ነው የምወለውለው። ቡሎኑን ፈትቼ ዝገቱን በቢላዋ ፋቅኩት። ዘይነባ ዛፍ ይዛ ታምጣለች። እትዬ ሐዋ «ያረቢ፣ ያረቢ» ይላሉ። ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ይሰማል።

መልሼ ሳስረው መብራቷ ቦግ አለ። ግን መርገጫ የላትም፣ ካልተገፋች አትነሳም... ብቻዬን እየገፋሁ ዘልዬ ልወጣባት ሞከርኩ፣ አልሆነም።

ዘይነባ ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት ላቧን ጠርጋ መጣች።

«አንተ ከላይ ሁን፣ እኛ እንገፋለን።»

«ኧረ በአላህ ዘይነባ!»

«እዚሁ ሳልወልድ ውጣ አልኩህ!»

እናትና ልጅ ገፉኝ። ተነሳች! እንዳትጠፋብኝ ፈርቼ ነዳጅ ሰጠኋት... ሄድኩ። ከኋላዬ «ወዴት ነው?!» የሚል ጩኸት ስሰማ ነው ብቻዬን እየነዳሁ መሆኔ የገባኝ።

ተመልሼ ስወስዳቸው ዘይነባ ፊቷን አዙራብኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መርሳ፣ አዋላጇ ቤት እንደደረስን ሴት ልጅ ተገላገለች። እትዬ ሐዋ ግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሰው ፊት እጃቸውን ዘርግተው «ይሄ ልጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» እያሉ ይመርቁኝ ጀመር። ሰው ሁሉ አሚን ይላል። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ዘይነባ ትጠራሃለች ተባልኩ። ይቅርታ የምልበት ቃል እየፈለግኩ ገባሁ። ልጇን አቅፋ ቀና አለች።

«ሞተሯን አጠፋሃት?»

«አዎ...»

«በል እንግዲህ ሌላ ገፊ ፈልግ። እኔ አራስ ነኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ... እኔ ግን እስከ ዛሬ ፊቷን ቀና ብዬ አላየሁም።