ሽማግሌዎቹን ያሳተ ፕላን

ወልደየስ ራሱን «የከተማ ፕላን ሊቅ» እያለ የሚጠራው፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመው በራሱ ለመሳቅ ነው። አዲስ አበባ ሳለ በአንድ የፕላን ቢሮ ሰባት ዓመት ሙሉ መስመር አስምሯል፤ ሊቅ ግን አልነበረም። አለቆቹ የነደፉትን በሌላ ወረቀት ላይ አሳምሮ ይገለብጥና ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ ይልበታል። እፍ ያለበት ከተማ ሁሉ ታዲያ የራሱ ይመስለው ነበር። ስደት የሆላንዷ ሮተርዳም ካደረሰው በኋላ ሆግቭሊት በሚባለው የከተማይቱ ዳርቻ አንዲት ክፍል ይዞ የአርክቴክቶች ቢሮ ማጽዳት ጀመረ። «ከሙያዬ አልራቅሁም» ይላል። «ልዩነቱ ወረቀቱን የማገኘው ቅርጫት ከገባ በኋላ መሆኑ ነው።»

የሚያመልከው አንድ ሐሳብ ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንጆቹ የፈረሰውንና የተጨናነቀውን ከተማቸውን አይተው «ከእንግዲህ እንደ ድሮው አንሠራም» ብለው ተነሡ። መኖሪያው ለብቻ፣ የሥራው ቦታ ለብቻ፣ መኪናው ከላይ፣ እግረኛው ከታች፣ በመካከሉ ሰፊ ሣር፤ ለሁሉም እኩል ፀሐይ፣ እኩል አየር። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው አምስተርዳም ዳር ያለው ቤይልመር ነው፤ እንደ ማር እንጀራ ዓይን ስድስት ማዕዘን እየሠሩ የሚታጠፉ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ረጃጅም ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃዎች። ነዋሪው ሊፍቱ ተበላሸ፣ ጋራዡ ያስፈራል፣ መንገዱ ይጠፋብናል እያለ ሲያማርር ወልደየስ «ሐሳቡ ገና አልገባቸውም» ይል ነበር። እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ አድሮበት አያውቅም።

ሰገነት የምትኖረው እዚያ ነው። የተዋወቁት በፈረንጆቹ 1985 ሄግ ውስጥ፣ ሐበሻው ለጸሎት በሚሰበሰብባት የኪራይ አዳራሽ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ከታላቅ ወንድሟ ከባዩ ጋር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከጸሎት በኋላ ወልደየስ የራሱ ቤት በስተደቡብ ሆኖ ሳለ እሷን ሊሸኝ ወደ ሰሜን ይሳፈራል። ከሜትሮው ወርደው እስከ ሊፍቱ ድረስ እሷ ትመራለች፣ እሱ ያስረዳል። መንገዱ ለምን ከፍ እንዳለ፣ ሣሩ ለምን እንደሰፋ፣ መስኮቱ ለምን ወደ ፀሐይ እንደዞረ፤ ያልገለጸላት ነገር የለም። አንድ እሑድ «ወልደየስ፣ ውሃ አለ!» ስትለው ስለ አየር ዝውውር እየተናገረ ኩሬው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ።

መስከረም ላይ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አላትና ሦስት ሰዎች መረጠ። አቶ አየለና አቶ ሽባባው አጃቢዎች ናቸው፤ መሪው አቶ ገብረሚካኤል። እሳቸው አማርኛውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የለመዱ ኤርትራዊ፣ በመርከብ መጥተው ሮተርዳም ወደብ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የከተማይቱ አሮጌ ሰፈር የዴልፍስሃቨን ነዋሪ ናቸው።

«የሕንፃውን ስምና የበሩን ቁጥር ጻፍልኝ» አሉት።

«ጋሼ፣ ስምና ቁጥር ምን ያደርግልዎታል? ፕላን እሠራልዎታለሁ።»

«ፖስተኛው እኮ በስምና በቁጥር ነው የሚያገኘው።»

«ፖስተኛ ፕላን ስለማያነብ ነው!»

ከቢሮው ቅርጫት ያወጣት የቤይልመር ንድፍ ነበረችው። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት የተሠራች ናት፤ ጽሑፍ የላትም፣ የሕንፃዎቹ መስመር ብቻ። በሁለት ቀለም አሳምሮ ገለበጣት። ሰገነት ከነገረችው ደግሞ «ሰባተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ አምስተኛ በር» ብሎ ጨመረባትና እፍ አለ። የወረቀቷን ፊትና ጀርባ ግን አላጣራም። በእንዲህ ያለ ወረቀት የሚሠራ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረውን ነገር፣ የሰባት ዓመቱ ባለሙያ ዘነጋው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነ።

ቀጠሮው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ነው። በደንቡ አግቢው በዚያ አካባቢ ዝር ማለት የለበትም፤ ወልደየስን ግን አላስቻለውም። ቀድሞ መጥቶ፣ የገባበትን ኩሬ ስላወቀው፣ እዚያው ዳር ካለ ዛፍ ጀርባ ተደበቀ። ልክ በዘጠኝ ሰዓት ሦስት ነጫጭ ጋቢዎች ሰባተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ተከታትለው ሲሄዱ አየ። በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ፎቁ ልክ ነው፤ በሩም ልክ ነው፤ ሕንፃው ግን ከኩሬው ማዶ ያለው ሌላው ነው።

«ጋሼ ገብረሚካኤል!» ብሎ ጮኸ። ሣሩ ሰፊ ነው፣ ድምፁ አልደረሰም። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ገቡ።

ወልደየስ ሮጠ። ኩሬውን ዞረ፤ በድልድይ ሥር አለፈ፤ ባልሆነ ደረጃ ወጥቶ ጨለማ ጋራዥ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ሲወጣ ራሱን መኪናው ከሚያልፍበት ከፍ ያለ መንገድ ላይ አገኘው። እግረኛ ከታች፣ መኪና ከላይ ብሎ የሰበከው ሰው ክላክስ እየተነፋበት በአስፋልቱ ጠርዝ ሲሮጥ ታየ። ሊፍቱ አይሠራም። ሰባቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገሩት ገብረሚካኤል ናቸው። በሩን የከፈቱላቸው አንዲት ጠይም የሱሪናም አሮጊት ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የባዩን ዘመዶች አይተው ስለማያውቁ የቤቱ ታላቅ መሰሏቸው። ሴትዮዋ ወንበር ሲያቀርቡ ሦስቱም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በአማርኛ ገተር አሉ። ገብረሚካኤል የወልደየስን ጨዋነት፣ ሠራተኛነትና ሙያ ዘርዝረው ሲናገሩ፣ አሮጊቷ ሰባኪዎች የመጡ መስሏቸው እጃቸውን አጣምረው ጎንበስ አሉ። ገብረሚካኤልም ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጥረው አባታችን ሆይ አደረሱ። ሴትዮዋ «አሜን» ካሉ በኋላ በደች «ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ የታወቀው ያኔ ነው። አሮጊቷ ስቀው ሲያበቁ ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁና «ኢትዮጵያውያኑን አውቃቸዋለሁ፣ ማዶ ናቸው» ብለው እስከ ባዩ ደጃፍ አደረሷቸው።

ባዩ ዘንድ ሲደርሱ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተዋል። ባዩ በረንዳው ላይ ቆሞ ሁሉን አይቷል።

«አግቢው ያ ኩሬውን ሲዞር የነበረው ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ገብረሚካኤል ውሸት አይሆንላቸውም። «እሱ ነው» አሉ።

ባዩ የዛሬ ወር ተመለሱ ብሎ ሸኛቸው። በማግስቱ ሰገነት ደወለች።

«ወረቀቱ ተገልብጦብኝ ነው» አለ ወልደየስ።

«ሕንፃው ስም አለው፣ በሩ ቁጥር አለው። ለምን አልጠየቅኸኝም?»

 ባዩ ሽማግሌዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ከመለሳቸው ሦስተኛ እንደማይኖር፣ ሰገነትንም እንደሚያጣት ወልደየስ ያውቃል። በዚያ ወር ውስጥ አራቱንም እሑድ ብቻውን ቤይልመር ሄደ። ያለ ፕላን ተራመደ፣ ጠፋ፣ አላፊ አግዳሚውን ጠየቀ። ሁለተኛውን ወረቀት የጻፈው በፊደል ነው። «ከሜትሮው ስትወርዱ አሣ የሚጠብሰውን ሰውዬ አልፋችሁ፣ በአረንጓዴ የተቀባውን ምሰሶ በግራ ትታችሁ» እያለ፣ በመጨረሻም የሕንፃውን ስምና የበሩን ቁጥር።

ሰው መቼም አያርፍም። ያን ወር ሙሉ ቤይልመር ውስጥ ሲጠፋ ከርሞ በድሮ ሐሳቡ ላይ ፊቱን አዞረ። የድሮውን አምልኮ በዚያው ድምፅ ገልብጦ፣ ሰው መኖር ያለበት በጠባብ መንገድ፣ በአሮጌ ቤት፣ ጎረቤት ከጎረቤት በመስኮት እየተያየ ነው ማለት ጀመረ። ገብረሚካኤልን ለምኖ ዴልፍስሃቨን ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አስያዘ። ለሙሽራይቱ ድንገተኛ ደስታ ይሆናል ብሎ ከእሳቸው በቀር ለማንም አልተናገረም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ አምስት ደቂቃ ቀድመው ትክክለኛው በር ላይ ቆሙ። ወልደየስ አሁንም ደንቡን ጥሶ ከሕንፃው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የወረደችው ሰገነት ናት።

«ባዩ እሺ አለ።»

ወልደየስ ብድግ አለ። ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ሽማግሌዎቹ ባዩን ጠየቁ። አንተ ሽማግሌዎቹን ጠየቅህ። እኔን ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እጁን ሰበሰበ። ወደ ኋላ ቢያስብ እውነቷን ነው። ሽማግሌ ልልክ ነው አላት እንጂ ልላክ ወይ አላላትም። ስለ ሣሩ ነገራት፣ ስለ ፀሐይ ነገራት፤ እዚህ የምትኖረው እሷ ሆና ሳለ እንዴት ነው ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ለካ ፕላን ቢሮም እንዲሁ ነበር የሠራው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ መንደር ሲያሰፋና ሲያጠብ አንድ ነዋሪ አላነጋገረም። አፈረ፤ ዓይኗን ማየት ከበደው።

«ታገቢኛለሽ?» አላት።

«አገባሃለሁ።»

ዴልፍስሃቨን የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በግድ ዋጠው።

«የት ብንኖር ትወጃለሽ?»

ሰገነት ቀና ብላ ወደ ሰባተኛው ፎቅ አየች። «እዚሁ» አለች። «ጠዋት ስነሣ የዛፎቹ አናት ከእግሬ በታች ነው። ፀሐዩም እስከ አልጋዬ ይገባል። ከተማ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቤት አግኝቼ አላውቅም።»

ወልደየስ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ሊፍቱ፣ ፈረንጆቹ የት ላይ እንደተሳሳቱ የሚናገረውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። ሁሉንም ተወው።

«እሺ» አላት። ከዚያም እሷ ፊት ፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ፤ እስከ ሰባተኛው ፎቅ ድረስ አንድም ነገር አላስረዳትም።