የወገዳዋ ከሳሽ

ነገረ ፈጅ ሆኜ ባንክ የገባሁ ቀን፣ አለቃዬ አቶ ሙሉቀን ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ፣ «ደንበኛህ ባንኩ ነው፤ ይህን አትርሳ» አሉኝ። አልረሳሁም። ከጋይንት እስከ እስቴ በየፍርድ ቤቱ ስቆምለት ኖርኩ። ክርክሩ ባብዛኛው የብድርና የመያዣ ነበር።

በስልክ መክፈል ሲለመድ ክሱም መልኩን ለወጠ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ወገዳ ላይ እህል ይነግዳሉ። ከገበሬው ገብስ በዱቤ ሰብስበው ለደብረ ታቦር ነጋዴ ሸጡ። ነጋዴው በአንድ የክፍያ ድርጅት በኩል በስልኩ ከፈለ፤ ብሩ ግን እኛ ባንክ ባላቸው ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ድርጅቱ «ለባንኩ አስተላልፌያለሁ» አለ። እኛ «አልደረሰንም» አልን። ሴትዮዋ ባንኩን ከሰሱ።

ወገዳ ፍርድ ቤት ቀርቤ፣ ጥፋቱ የድርጅቱ ስለሆነ ወደ ክርክሩ ይግባልን አልኩ። የድርጅቱ ጠበቃ፣ «ከባንኩ ጋር ያለን ውል ጠባችን አዲስ አበባ በግልግል ዳኝነት ይታይ ይላል» ብሎ ተቃወመ። ሕግ እየጠቀስን ተሟገትን። ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጡ።

ወይዘሮ ጥሩዬ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ስለኔ የተነጋገራችሁት የቱ ላይ ነው?»

«ክርክሩ ስለ ውሉ ነበር» አልኳቸው።

«ገበሬው ደጄን ሞልቶታል። ላሜን ሸጬ ገሚሱን ሸኘሁ። የቀሩት የዘር መግዣ ይላሉ። ዝናቡ እንደሆነ እናንተን አይጠብቅም።»

ንፋስ መውጫ ወዳለው ቢሯችን እንደተመለስኩ አቶ ሙሉቀን ዘንድ ገባሁ።

«ለሴትዮዋ እንክፈልና ድርጅቱን በግልግል እንጠይቅ።»

«ከከፈልን ጥፋቱን አመንን ማለት ነው።»

«ሳናምን፣ ድርጅቱን የመጠየቅ መብታችንን ጠብቀን እንታረቃለን።»

«ግልግሉን ብንሸነፍስ?»

«እንሸነፋለን። እሳቸው ግን በኛ ጠብ መሀል አይቆሙም።»

ባዶ ወረቀት ወደኔ ገፉ። «እንግዲያው ይህን የሕግ አስተያየት ጽፈህ፣ ፈርመህ አምጣ። ቢበላሽ ስምህ አለበት።»

ፈረምኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት አንገራግሮ ተቀበለ። በቀጠሮው ዕርቁ ጸደቀ፣ ለወይዘሮ ጥሩዬም ብራቸው ተከፈለ፤ ገበሬዎቹም ለዘር ደረሱ። ላሚቱ ግን አልተመለሰችም፤ የገዛት ሰው አልሸጥም አለ።

ግልግሉ ተጓተተ። በመጨረሻ ብሩ የተንጠለጠለው የባንኩና የድርጅቱ የኮምፒውተር ሥርዓቶች በሚገናኙበት ቦታ እንደሆነ ታወቀና ኪሳራውን ተካፈልን። አቶ ሙሉቀን አላመሰገኑኝም፣ አልወቀሱኝምም። ወይዘሮ ጥሩዬ ዛሬም እህል ይነግዳሉ፤ ክፍያ ግን በስልክ አይቀበሉም።

እናንተ አዲስ የምትገቡ ነገረ ፈጆች፣ ሁለት ድርጅቶች የሚካሰሱበት መዝገብ ሲደርሳችሁ፣ ውሉን ከመግለጣችሁ በፊት መሀላቸው የተያዘ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ካለ፣ የሱን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ።