በደብተሩ ያልገባ ጨው

በጃንሆይ ዘመን መቱ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ልቤ ታመመ። እግሬ አብጦ ጫማ እንቢ አለኝ፤ ከቤቴ ችሎት እስክደርስ ሦስት ጊዜ ቆሜ እተነፍሳለሁ። ጎሬ ወንድሜ ቤት ያደገችውን ልጄን ከፋሲካ በኋላ ልንድር ቀን ቆርጠናል። በቃሬዛ የገባ የሙሽራ አባት ላለመባል የማላደርገው አልነበረም።

ክሊኒካችን የመጣ ፈረንጅ ሐኪም ጨው መተው የልብ ሕመምተኛን ምን ያህል እንደሚረዳ ሊያጠና ሰው ይፈልግ ነበር። ስድስት ሆነን ገባን። የምንበላው ሁሉ በደብተር እንዲጻፍ አዘዘ። ከስድስታችን ቀለም የቆጠርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሁሉንም የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ኩራቴንማ አታንሱት። "አልጫ ሽሮ፣ ያለ ጨው። ጎመን፣ ያለ ጨው።" እንደ ፍርድ ግልባጭ አሳምሬ እጽፋለሁ።

ወር ሞላን፤ የማንም እብጠት አልጎደለም። ሐኪሙ ደብተሩን አገላብጦ ለአስተርጓሚው ድሬሰር አጉተመተመ።

"ጋሼ፣ ደብተሩ ውሸት ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ጥናቱን ይዘጉታል።"

ደሜ ፈላ። ሃያ ዓመት የሰው ቃል ስጽፍ አንድ ፊደል አላጎደልኩም! እያለከለክሁ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ንዴቴን አይታ ቡና ቀዳችልኝ፤ እንደ አገሩ ልማድ ጨው ጣል አድርጋ አማሰለችው። ስኒው አፌ ሳይደርስ ቀረ።

በቀን ስምንት ስኒ! ስድስታችንም! ቡናን ምግብ ነው ብሎ ማን ይጽፋል? ሐኪሙም የራሱን በስኳር ስለሚጠጣ አልጠየቀንም።

አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ቢሆንም ስኒውን ይዤ፣ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሼ ክሊኒኩ ተመለስኩና ሐኪሙን "ይቅመሱት" አልኩት። ቀመሰ፤ ፊቱ ተኮማተረ፤ ከዚያ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በደብተሩ ላይ ለቡና አዲስ መስመር አሰመርኩ።

"ያለ ሶጊዳ ቡና?" አለች ባለቤቴ፣ ጨውን በኦሮምኛ ጠርታ። "እሱንስ ለጠላቴ!" ግን እሷም ከእኔ ጋር ያለ ጨው ጠጣች። እብጠቴ ቀን በቀን ጎደለ፤ የአምስቱም እንዲሁ።

የሰርጉ ዕለት ጎሬ፣ ወደ ወንድሜ ቤት የሚያወጣው ዳገት ሥር መኪናውን አስቆምኩ። ሳጥን ውስጥ የከረመውን ጫማዬን አጠለቅሁ፤ ማሰሪያውን ራሴ አስሬ ዳገቱን ወጣሁ። አንድ ጊዜም አልቆምኩም! ልጄ ከደጅ አይታኝ እልልታውን አቀለጠችው። ሙሽራ በሰርጓ ቀን እልል አትልም ቢሏት፣ ማን ሰምቷቸው!