ሥዕሉ ላይ ያለችው እናት

«ዝም የምትል ተከራይ ቤት አታጣም» ብላኝ ነበር እናቴ፣ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ያገባሁ ጊዜ። እውነቷን ነው፤ ከዚራ ሰፈር፣ እትዬ ብርቄ ግቢ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ከባሌ ጋር አራት ዓመት ዝም ብለን ኖረናል።

ባለፈው ሳምንት አከራያችን እትዬ ብርቄ የግቢ ማስዋብ ባለሙያ አስመጡ። ሰውየው በዚያ ሙቀት ኮቱን እንደለበሰ ግቢውን ለካና ግቢው ሲያልቅ የሚመስለውን ሥዕል በታብሌቱ አሳየን። ሣር፣ ዘንባባ፣ ፏፏቴ! ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር አንዲት የድንጋይ እንቁራሪት ሌት ተቀን ውሃ ትተፋለች።

«አቦ፣ ገነት ነው እኮ! አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ እትዬ።

እኔ ልጄን እንዳዘልኩ ሥዕሉ ላይ ክፍላችንን እፈልጋለሁ። የለችም። በቦታዋ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል፤ ወንበሩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሕፃን ታቅፋ ትስቃለች።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አልኩ።

«ማንም አይደለችም» አለ ባለሙያው፤ «እናትና ልጅ ሲኖርበት ግቢው ቤት ቤት ይላል ብዬ ከኮምፒውተር የጨመርኳት ናት።»

እትዬ ብርቄ አቀረቀሩ። እኔም ሄጄ የልብስ ማስጫ ገመዴን ከበራችን ላይ ፈታሁ።