ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ

ሥራ የጀመርኩ ቀን እጄን ተቃጠልኩ። አምስተርዳም ነው፤ ከምኖርበት ከኢንዲሸ ቡርት ሰፈር በብስክሌት ሩብ ሰዓት የማትሞላ የኮሪያ ጥብስ ቤት። ባለቤቷ ወይዘሮ ሃን አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ፊታቸው በቀላሉ የማይፈታ ሴት ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እሳት ታውቃለህ?» አሉኝ። «እሳት የማያውቅ ሐበሻ ደግሞ የት አለ!» ልላቸው ፈልጌ ቋንቋው አልመጣልኝም፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ውሸቴን ነው። ቤታችን ከሰል የምታቀጣጥለው እናቴ ነበረች፤ እኔን ማራገብ እንኳ ይታክተኝ ነበር። የእነሱ ከሰል ደግሞ ወፍራም፣ መሃሉ ቀዳዳ ነው። ጋዝ ላይ ይቀላል፣ በብረት ባልዲ ይደረጋል፣ በሰውና በሕፃናት ጋሪ መሃል ተይዞ ይኬድና ጠረጴዛው መሃል ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የባልዲው ጠርዝ የእጄን አንጓ ላሰኝ። ወይዘሮ ሃን እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዘው «ነገ ትመጣለህ?» አሉ። «እመጣለሁ» አልኩ። ሃያ አንድ ዓመት መጣሁ።

ሥራውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሥጋው ጥሬውን ይቀርባል፤ እንግዳው እዚያው እየተጠበሰለት ይበላል። ከሰሉ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ከላይ ጢሱን የሚስብ ቱቦ እንደ ዝሆን ኩምቢ ተንጠልጥሏል። የእኛ ሥራ ፍርግርጉ ሳይጠቁር መቀየር ነው። በመንጠቆ ታነሳለህ፣ አዲሱን ታስገባለህ፣ ሥጋውን በመቀስ ትቆርጣለህ፣ ትሄዳለህ። እንግዳው በአንተ ምክንያት ወሬውን ካቋረጠ ሥራውን አላወቅህበትም። ፊትህም ላይ ምንም መነበብ የለበትም። እኔ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን አብዝቼ ለመድኩት።

ዕቃ አጣቢ፣ ከሰል አቀጣጣይ፣ ፍርግርግ ቀያሪ፣ በመጨረሻም የአዳራሽ ኃላፊ ሆንኩ። ወይዘሮ ሃን ሮተርዳም ሌላ ቤት ሲከፍቱ ተከትያቸው ሄድኩ፤ አጠገቡ ካፔለ አን ደን አይሰል መኖሪያ ቤት አገኘሁና በሜትሮ መመላለስ ጀመርኩ።

ወይዘሮ ሃን የማያልፉት አንድ ሕግ ነበራቸው። «የመጀመሪያው ቁራጭ ለታላቅ ነው። ከተቀመጡት ታላቁ ማን እንደሆነ ሳታውቅ መቀስ እንዳታነሳ» ይሉ ነበር። ታላቁ ሳይቀምስ ሌላው አይነካም። ሲያቀብሉም በሁለት እጅ ነው። አንድ ቀን ሳህን ሳቀብላቸው ግራ እጄ ሳላዘው ቀኝ ክንዴን ሲደግፍ አዩና «ይህን ማን አስተማረህ?» አሉኝ። «እናቴ።» «እንግዲያው አንተን ማስተማር አይከብድም» አሉ። በሃያ አንድ ዓመት ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ምስጋና ይኸው ነው።

ወደዚህ አገር ያመጣችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቅነሽ ናት። ዴን ሃግ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በእንክብካቤ ሥራ አረጋውያን ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ የተጎዳ፣ ስኳርም ያለባት ሴት ናት። በዐሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። ብትቆጣም ብትደሰትም «ወንድምዬ» ነበር የምትለኝ። በሥራዬ ስትቀልድ ደግሞ ለጉድ ነው። «አሳማ ስትገለባብጥ ውለህ በጠበል ሳትታጠብ ቤቴ ድርሽ እንዳትል!» ትለኛለች። አሳማ በአፌ እንዳልዞረ ታውቃለች፤ ግን መቼ ትተወኛለች!

ልጇ ሳምራዊት የነርስነት ዲፕሎማዋን ስታገኝ እናቷን እራት ልትጋብዝ ተነሳች፤ እሱም እኔ ጋ። እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፣ አንቱታ አታውቅም። «አጎቴ፣ ሐሙስ ብዬ ይዣለሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ አየህ አልረሳሁም! በጣም ኽዜሊኽ፣ ሞቅ ያለ ይሆናል፣ አንተ ራስህ ነህ የምትጠብስልን» አለችኝ። እኔም ከወይዘሮ ሃን አሳማ ያልነካቸው ሦስት አዳዲስ ፍርግርጎች ለመንኩ። ቀቅዬ፣ ፈትጌ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ የያዝኩላቸውን ጠረጴዛ «ሰባት ቁጥር» ብዬ ጽፌባቸው ለብቻ አስቀመጥኩ። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ከምሠራበት ቤት ልትበላ ነው፤ እንደ ሠርግ ነው የተዘጋጀሁት።

ሐሙስ ከቀትር በፊት ከሰል ቤት ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ አጎታችን ጋሼ ዳምጤ ናቸው። «ግሩም፣ ብቻህን ነህ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ ማን አለ?

እናታችን ሊነጋ ሲል አርፋለች። «ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው» አሉ፣ እኩለ ቀን ማለታቸው ነው። «ለብርቅነሽ በስልክ እንዳትነግራት። ስኳር አለባት። ዛሬ እህል ትቅመስ፤ ነገ በማለዳ ካህን ይዘህ፣ ሰው ሰብስበህ ትሄዳለህ።» «እሺ ጋሼ» አልኩ። ጋሼ ዳምጤን እምቢ ብያቸው አላውቅም።

የከሰል ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ አውሮፕላን ፈለግሁ። ከብራስልስ በምሽት የሚነሳ፣ ጠዋት አዲስ አበባ የሚገባ ነበረ። ቦታም ነበረው። የእትዬ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋ፣ ከቦርሳዋ አይለይም፤ ቪዛ አያሻትም። አሁኑኑ ብደውል ነገ እናቷን ትቀብራለች። እኔም እቀብራለሁ። ያን የበረራ ሰዓት ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ኋላ ስልኬን ሽርጤ ኪስ ውስጥ መለስኩት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በባዶ ሆድም አይነገርም፣ ወጉ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እራቱን ብሰርዘው ደግሞ ወዲያው ይገባታል።

ወይዘሮ ሃን እዚያው አገኙኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ ለምን አትሄዱም?» አሉ። ወጋችንን በተሰባበረ ደችና በእንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እህትህ ታላቅህ ናት አይደል?» አሉኝ። «አዎ።» «ታላቂቱ ሳታውቅ አንተ ታውቃለህ?» «በእኛ አገር እንዲህ ነው» አልኳቸው። ወደ ቤት ሂድ ቢሉኝም እንቢ አልኩ፤ ሰባት ቁጥርን ለሌላ ሰው አልሰጥም። ፊቴን ታጥቤ ከሰል አቀጣጠልኩ።

ከሥራ ሰዓቱ ቀደም ብለው፣ አዳራሹ ገና ባዶ እያለ መጡ። እትዬ ነጭ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ጸጉሯን ተሠርታ። ወይዘሮ ሃን በር ላይ ቆመው ጎንበስ ብለው፣ በጣም ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት እባክህ! እኛ እኮ ፈረንጅ አገር ገብተን ረሳነው» አለች እትዬ። ቱቦውን ዝቅ ለማድረግ ዞር አልኩ።

ሥጋውን ዘረጋሁ፣ ገለበጥኩ፣ በመቀስ ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በሁለት እጄ ለእትዬ አቀረብኩ። እሷም እንዳሳየኋት በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ «ይሄማ ጉርሻ ነው! ሳምሪ፣ ኮሪያዎቹ ከእኛ ነው የተማሩት» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ አፏ በመውሰድ ፈንታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ሥራ ላይ ነኝ እትዬ፣ አይቻልም» አልኩ።

«ና አፍህን ክፈት! ለልጄ ደስታ ነው። እማዬ ትሙት!»

ሁላችንም እንዲህ እያልን ነው ያደግነው። ሰው እንዲበላልን ስንፈልግ በምንወደው ሰው እንምላለን። አፌን ከፈትኩ። ተቀበልኩ። አላመጥኩ። የእናቴ አስከሬን ሳይቀበር ሥጋ ዋጥኩ፣ ፊቴ ላይም ምንም አልታየም። በሙያዬ ጎበዝ ነበርኩ አላልኳችሁም?

እትዬ በላች። እንደዚያ ስትበላ አይቻት አላውቅም። የዲፕሎማውን አቃፊ ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች። በመሃል ስልኳን አወጣች። «እስቲ ለእማዬ በቪዲዮ ልደውልላት። ሳምሪንም እሳቱንም ትየው።»

ስልኩ ይጠራ ጀመር። ያ ስልክ የሚጠራው ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ገና ያልጠቆረውን ፍርግርግ ለመቀየር በመሃላቸው ገባሁና «ተኝታለች እትዬ። ዛሬ ከጋሼ ዳምጤ ጋር አውርቼ ነበር» አልኩ።

ስልኩን ዘጋችው። «ምን አሉህ? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት አሉኝ።»

«ተመስገን። በቃ ጠዋት እደውልላታለሁ» አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ለዚያ በረራ ብራስልስ የሚያደርሰው የመጨረሻው ባቡር ሊነሳ ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር። ጣቢያው በትራም ሁለት ፌርማታ ነው። ከሰል ጨመርኩላቸው።

በማግስቱ ማለዳ ካህኑን ይዘን ዐሥራ ሁለት ሆነን ስኪልደርስዋይክ ደረጃውን ወጣን። ሐበሻ በማለዳ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ለምን እንደመጣ አይጠይቅም። እትዬ በሩን ከፈተች፣ ካህኑን አየች፣ እኔን አየች። «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ ማንም ገና ቃል አልተነፈሰም።

ሰው ይዟት፣ ደረቷን መትታ፣ ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳ ሲደክማት ቀና አለች። «መቼ?»

«ትናንት ንጋት ላይ» አልኩ።

«ቀብሯስ?»

«ዛሬ። በስድስት ሰዓት።»

ሦስት ሰዓት ያህል ነበር የቀረው። በጣቶቿ ቆጠረችው። «ማታ ታውቅ ነበር? ስልኩ ሲጠራም? ‹ትሙት› ብዬ ሳጎርስህም ታውቅ ነበር?»

«እንዳይጎዳሽ ብዬ ነው፣ እትዬ። ጋሼ ዳምጤም...»

«የማታ አውሮፕላን አልነበረም?»

«ነበረ» አልኩ። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

ሳምራዊት ዘወር ብላ አየችኝ። «ለምን አልነገርካትም? እናቷ እኮ ናት! ዳት ማኽ ኒት፣ አጎቴ። እንዲህ አይደረግም!» አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዝም በይ ሊሏት እጃቸውን አነሱ፤ መልሰው አወረዱት። ቀብሩን በሳምራዊት ስልክ አየነው። ሥዕሉ ይቆም ይሄድ ነበር። አፈሩ ሲወርድ እትዬ ስክሪኑን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሳትፈልግ ነክታ አጠፋችው።

አልተጣላችኝም። ብትጣላኝ በተሻለኝ። ተዝካሩን አብረን አወጣን፣ በዓል ሲመጣ ትጠራኝ ነበር፣ ሄጄም እበላለሁ። ግን «ወንድምዬ» ቀረ። «ግሩም» ሆንኩ። ወደ ሰባት ቁጥር ጠረጴዛም ተመልሳ አልመጣችም። ሦስቱን ፍርግርጎች ሌላ ሰው እንዲጠብስባቸው ስላልፈለግሁ ወደ ቤት ወሰድኳቸው፤ እስካሁን ካፔለ ምድር ቤት ውስጥ ናቸው።

ከዓመታት በኋላ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ጋሼ ዳምጤ ራሳቸው አረፉ። አሁንም ከሰል ቤት ነበርኩ። ልጃቸው ደውሎ «ለእትዬ ብርቅነሽ ሰው ሰብስበህ...» ሲል ስልኩን ዘጋሁበት። ጓንቴን አውልቄ ለእትዬ ደወልኩ። ብቻዋን ነበረች። እንደ ባዳ፣ በስልክ፣ እንዲያው በደረቁ ነገርኳት። አለቀሰች። ጠበቅኳት።

«ከእኔ በፊት ለማን ነገርክ?» አለችኝ ኋላ።

«ለማንም።»

«የማታው አውሮፕላን አለ?»

«አለ። ልመጣልሽ ነው።»

ብራስልስ አድርሻት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጄ አቀበልኳት። አጎቷን ቀበረች። ከዚያ ሆና ስትደውል «የእማዬን መቃብር አየሁት፣ ወንድምዬ» አለችኝ። የእማዬ ቀብር ግን ያለ እሷ አልፏል፤ ያን የሚመልስ የለም።

አሁን ወይዘሮ ሃን አንዳንዴ ጠርተውኝ አዲስ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። ከሰሉን አሳያቸዋለሁ፣ መንጠቆውን አሳያቸዋለሁ። መቀስ ከማንሳታቸው በፊት ከተቀመጡት ታላቁ ማን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ለታላቅ ነው። መርዶም ቢሆን።